ዘር ያለው ውሻ ባለቤቱ መያዝ ሲያቅተው፦ እንግሊዝ ሀገር እንዴት ነው የሚደረገው

እኛ ሀገር በደፈናው "የፈረንጅ ውሻ" የምንለው፣ ጀርመን ሸፐርድ በሉት ላብራዶር በሉት ሮትዋይለር፣ አብዛኛው 10 ዓመት አካባቢ አንዳንዱም ከዛ በላይ ይኖራል፣ የሰው ኑሮ ግን ያን ያህል ጊዜ ባለበት አይቆምም። ፍቺ አለ፣ ህመም አለ፣ ግቢ ካለው ቤት ወደ አፓርታማ መግባት አለ፣ የሥራ ፈረቃ ወደ ሌሊት መቀየር አለ። እንደዚህ ሲመጣ ውሻውን በሥርዓት ለሌላ ቤተሰብ ማስረከብ እንግሊዝ ውስጥ ራሱን የቻለ አሠራር ሆኗል፣ እዚህ የምጽፈውም በዋናነት ስለሱ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ነገሩ የተጀመረው በባዘኑ ውሾች ነው። ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት በ1860 ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ከፈተች፣ መጠለያው በ1871 ወደ ባተርሲ ተዛወረና እስከዛሬ በባተርሲ ስም ይሠራል። ዛሬ ዶግስ ትረስት የሚባለው ትልቁ ድርጅት ደግሞ በ1891 ተመሠረተ፣ "ውሻ ለዕድሜ ልክ ነው እንጂ ለገና ብቻ አይደለም" የሚለውን መፈክር በ1978 ያወጣው እሱ ነው። በነዚህ መሀል በ1873 ኬኔል ክለብ ተቋቋመና የውሻ ዘር መዝገብ መያዝ ጀመረ። ለኛ ጉዳይ ዋናው ይሄ መዝገብ ነው፣ ምክንያቱም ዘር ያለው ውሻ እናቱና አባቱ፣ ያረባው ሰውም ጭምር ይታወቃል፣ ስለዚህ ባለቤቱ መያዝ ሲያቅተው የሚጠራለት ሰው አለ ማለት ነው።

እና መጀመሪያ የሚደወለው ለአርቢው ነው። ጥሩ አርቢ ቡችላውን ሲሸጥ በሚያስፈርመው ውል ላይ "መያዝ ካልቻልክ መጀመሪያ ለኔ ንገረኝ" ወይም "ወደኔ ይመለስ" የሚል አንቀጽ ያስገባል፣ ከ6 ዓመት በኋላም ቢሆን ውሻውን የሚቀበል አለ፣ ባይቀበል እንኳን ያንን ዘር የሚፈልጉ ሰዎችን ያውቃል። ብዙ ሰው ግን አይደውልም። ያፍራል። ቡችላውን ሲወስድ በደስታ የገባውን ቃል ያስታውስና በዛው አፉ ደውሎ "አልቻልኩም" ማለቱ ሞት ሞት ይለዋል፣ ከዛ ኢንተርኔት ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል። እኔ ሀፍረቱ ይገባኛል፣ ግን ውሻውን የሚጎዳው ችግሩ ሳይሆን የተደበቀው ነገር ነው፣ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አርቢው ካልተገኘ ብሪድ ሬስኪው አለ። ለአንድ ዘር ብቻ የቆሙ ማህበሮች ናቸው፣ ኬኔል ክለብ ዝርዝራቸውን ይይዛል፣ አብዛኞቹ ትልቅ ሕንፃ የላቸውም፣ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ውሻውን አዲስ ቤት እስኪያገኝ ፎስተር የሚሆን (በጊዜያዊነት የሚይዝ) ቤተሰብ ጋር ያስቀምጡታል። የነሱ ጥቅም ዘሩን ማወቃቸው ነው። ሀስኪ አጥር ዘሎም ከሥር ቆፍሮም እንደሚወጣ፣ ዳሽሀንድ ጀርባው ቶሎ ስለሚጎዳ ደረጃ የበዛበት ቤት እንደማይሆነው፣ ቦርደር ኮሊ ሥራ ካልተሰጠው ልጆቹንም እንደ በግ ሊነዳ እንደሚሞክር፣ ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ ዳሌው መመርመር እንዳለበት፣ እንግዳ ሰውም ቶሎ እንደማይቀበል ያውቃሉ። ስለዚህ ውሻው ሳይሄድ በፊት አንድ ሰው የአዲሱን ቤተሰብ ቤት ሄዶ ያያል፣ ሆም ቼክ ይሉታል፣ አጥሩን ይለካል፣ በሩ በደንብ መዘጋቱን በእጁ ገፋ አድርጎ ይሞክራል፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ መስማማቱን ይጠይቃል።

አንድ በቅርብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ለንደን ያለ የሀበሻ ቤተሰብ መቻል የሚባል የ4 ዓመት ጀርመን ሸፐርድ ነበራቸው፣ ሁለተኛ ልጅ መጣ፣ ባልየው ኬር ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ሌሊት መሥራት ጀመረ፣ ውሻው በቀን 20 ደቂቃ ብቻ እየወጣ በር ሥር ተኝቶ የሊፍቱን ድምፅ ሲያዳምጥ መዋል ሆነ ሥራው። የሬስኪው ሴትዮ መጥታ ፎርሙን ስትሞላ "ትእዛዝ ይሰማል?" አለች፣ አዎ አሉ፣ "ሲት" አለችው፣ ዝም ብሎ አያት። ለካ መቻል ያደገው በአማርኛ ነው! ከዛ እናትየው ወረቀት አውጥታ ቁጭ፣ ና፣ ተው፣ ጠብቅ፣ በቃ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችላት፣ ሴትየዋ "ቁጭ" ማለት አቅቷት "ኩች" ስትለው መቻል አንገቱን ወደ ጎን አዘንበል አድርጎ ትንሽ አሰበና ተቀመጠ። ያ ወረቀት ከክትባት ካርዱ ጋር አብሮ ሄደ። ያልታጠበ ብርድ ልብሱም አብሮ ሄደ፣ ሴትየዋ እንዳታጥቡት ብላ ለምና ነበር፣ የቤቱ ሽታ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያረጋጋዋል።

ከውሻው ጋር መሄድ ያለበት ነገር ብዙ ነው፦ የክትባት ካርድ፣ የቬት (የእንስሳት ሐኪም) መዝገብ፣ የዘር ሰርተፍኬቱ፣ የሚበላው ምግብ ስም፣ የሚፈራው ነገር። ከሁሉም በላይ እውነቱ። ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ነክሷል ማለት፣ ከሕፃን ጋር የማይስማማ ከሆነ አይስማማም ማለት ነው፣ ይሄ ከተደበቀ ልጅ ያለው ቤት ይገባና በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ሁለት ቤት ያጣ ውሻ ነው የሚሆነው።

የወረቀቱ ጉዳይም ቀላል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ 8 ሳምንት የሞላው ውሻ ሁሉ ማይክሮቺፕ ሊኖረው ግድ ነው፣ ከቆዳው ሥር የምትገባ እንደ ሩዝ ፍሬ ያለች ነገር ናት፣ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ትይዛለች፣ ባለቤቱ ሲቀየር ዳታቤዙ ላይ ያለው ስምና ስልክ መቀየር አለበት። የኬኔል ክለቡ የባለቤትነት ዝውውር ግን ከዚህ የተለየ ነው፣ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፣ አንዱን ቀይሮ ሌላውን ይረሳል፣ ከዛ ውሻው ሲጠፋ ስልኩ ድሮ ባለቤቱ ጋር ይጮሃል።

በነፃ እሰጣለሁ የሚል ማስታወቂያ ዘር ባለው ውሻ ላይ በጣም አደገኛ ነው፣ ይሄን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። ያልተኮላሸ ንፁህ ዘር ውሻ ለአንዳንዱ ሰው ገንዘብ ነው፣ ልጆቼ ይወዱታል ብሎ ወስዶ በሳምንቱ የሚሸጠው አለ፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ለመራባት በደረሰች ቁጥር እያስወለደ የሚጨርሳትም አለ። ብዙ ሬስኪዎች ሳያኮላሹ የማይሰጡትና ከወሳጁ ገንዘብ የሚቀበሉት ለዚህ ነው፣ ጀርመኖቹም በመጠለያዎቻቸው "የጥበቃ ክፍያ" ብለው ይቀበላሉ፣ ውልም ያስፈርማሉ። ማስረከብ በሕግ የተከለከለበት ሁኔታም አለ፦ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን ግዙፍ የውሻ ዓይነት (ይሄ በኬኔል ክለብ የታወቀ ዘር አይደለም) እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከታህሳስ 31 ቀን 2023 ጀምሮ መሸጥም በስጦታ መስጠትም ወንጀል ነው።

ደሞ ሁሉም ችግር ለዘላለም መለያየት አይጠይቅም። ዶግስ ትረስት ከ2004 ጀምሮ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሚሸሹ ሰዎች ውሻቸውን በጊዜያዊነት የሚይዝ ፕሮጀክት አለው፣ በ1985 የተመሠረተው ሲናሞን ትረስት ደግሞ ላረጁና በጠና ለታመሙ ሰዎች በጎ ፈቃደኛ ልኮ ውሻቸውን እያወጣ ያንሸራሽርላቸዋል፣ ባለቤቱ ሆስፒታል ከገባ ይይዝለታል፣ ከሞተም ይረከባል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ስንት ወር ነው የሚያስፈልገኝ ብሎ መጠየቅ ያዋጣል።

አሜሪካ ያላችሁም ተመሳሳይ መንገድ አላችሁ፣ በ1884 የተመሠረተው አሜሪካን ኬኔል ክለብ የየዘሩን ሬስኪዎች ዝርዝር ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የሚያልቀው በዘመድና በቬት በኩል ነው፣ ወይም ቴሌግራም ላይ፣ ዲቪ የደረሰው ወይም ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ግቢ ያለው አክስት ይፈልጋል። አደራ ተብሎ ይሰጣል። ችግሩ አክስትየዋ ቤት ውሻ የሚባለው በሰንሰለት በር ላይ የሚውል መሆኑ ነው፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ላደገ ውሻ ይሄ ምን እንደሚመስል አስቡት፣ ስለዚህ ቀን ይፈታል ወይስ ይታሰራል፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን በየዓመቱ ማን ያስከትባል፣ ምን ይበላል የሚለውን አፍ አውጥቶ መነጋገር ያስፈልጋል፣ ከዘመድ ጋርም ቢሆን።

አዲሱ ቤት ከገባ በኋላ ያለውን ጊዜ የሬስኪው ሰዎች በ3 ይቆጥሩታል፦ 3 ቀን ፍርሃቱ እስኪቀንስ፣ 3 ሳምንት የቤቱን ሰዓት እስኪለምድ፣ 3 ወር ቤቴ ነው እስኪል። ልክ ሳይንስ አይደለም፣ ግን በሁለተኛው ቀን አልበላም ብሎ ለሚደናገጥ ቤተሰብ ይረዳል። መቻልም ሁለት ቀን ምግቡን አልነካም ነበር፣ በሦስተኛው ቀን ማታ አዲሷ ባለቤት ኩሽና ወለል ላይ ቁጭ ብላ ወረቀቷን እያየች "ና" አለችው፣ ያቺን ቃል ብቻ አስተካክላ መጥራት ችላለች፣ ሄዶ እግሯ ላይ ጭንቅላቱን አስደገፈ።