የኢርፎን ጎማ «ግጥም አለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ግጥም አለ የሚባለው ጎማው የጆሮን ቀዳዳ ዙሪያውን ሞልቶ በጎማውና በቆዳው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት በማይኖርበት ጊዜ ነው። አለመውደቁ ብቻ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ሳይወልቅ የሚውል ኢርፎንም በአንድ ጎኑ አየር ሊያሾልክ ይችላል።

አየር ሲሾልክ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከጎማው እስከ ጆሮ ታምቡሩ ያለው አየር በጣም ጥቂት ነው፤ የጆሮ ቱቦ ርዝመቱ ራሱ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ኢርፎኑ ይህን የታፈነ አየር ሲገፋና ሲስብ ግፊቱ ታምቡሩ ላይ ያርፋል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ ግን ዝግተኛ ስለሆነ፣ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ግፊቱ ታምቡሩ ላይ ሳይጠራቀም ሾልኮ ይወጣል። በሰከንድ በሺዎች የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ለመሹለክ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የዘፋኙ «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብሎ እየተሰማ የከበሮው ምት ይሳሳል። ብዙ ሰው ይሄኔ ኢርፎኑን «ቤዝ የለውም» ብሎ ይተወዋል፤ ወይም ድምፁን ይጨምራል፤ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮውን ከመውጋት በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ለማረጋገጥ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ክፈቱና አንዱን ኢርፎን በጣት ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ጫን አድርጉ። ቤዙ ድንገት ከወፈረ ቀድሞ ሲያሾልክ ነበር ማለት ነው። ሌላውንም ለብቻው ፈትሹ። ሙዚቃውን ዘግታችሁ «እምም» ስትሉም በደንብ በገጠመው ጆሮ በኩል የራሳችሁ ድምፅ በርሜል ውስጥ ያለ ያህል ይጎላል። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደወጣው የአፕል ኤርፖድስ ፕሮ ያሉት ኢርፎኖች ደግሞ ድምፅ አጫውተው መግጠማቸውን በውስጥ ማይካቸው ራሳቸው ይለካሉ።

ብዙ ጊዜ ከኢርፎኑ ጋር 3 መጠን ጎማ ይመጣል፤ አብዛኛው ሰው ግን ተሰክቶ የመጣውን መካከለኛውን ሳይቀይር ይቀራል። ሁሉንም ሞክሩ። ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን ስለሚችል በአንዱ መካከለኛ፣ በሌላው ትልቅ ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ትልቅ ሁሉ የበለጠ ይደፍናል ማለትም ስህተት ነው፤ ከልክ ያለፈ ጎማ ጠርዙ ይታጠፍና አየሩ በሽብሽቡ በኩል ይወጣል። ከልክ ያነሰው ደግሞ ጠልቆ ይገባል እንጂ ግድግዳውን አይነካም። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የቱቦው ቅርጽ ስለሚለወጥ አፋችሁን ከፈት ዘጋ አድርጋችሁም አዳምጡ።

አገባቡም ወሳኝ ነው። የጆሮ ቱቦ ቀጥ ያለ አይደለም። ቀኝ ጆሮ ላይ ስታስገቡ ግራ እጃችሁን በራሳችሁ ላይ አሳልፋችሁ የጆሮውን የላይኛ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቱቦው ቀና ይላል። ያን ጊዜ ኢርፎኑን እያዟዟራችሁ አስገቡና ጆሮውን ልቀቁ። ጎማው የስፖንጅ ከሆነ በጣት እያድቦለቦላችሁ አቅጥኑት፤ ካስገባችሁም በኋላ እስኪነፋ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣት ያዙት። ቶሎ ከለቀቃችሁት እየተነፋ ራሱን ወደ ውጭ ይገፋል።

ኩክና ላብ የነካው ሲሊኮን ይንሸራተታል። ከኢርፎኑ አውልቃችሁ በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡትና በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት። ስፖንጁን አልኮል አታስነኩት፤ ሲጨመቅ ተመልሶ መነፋት ካቆመ ለውጡት። አዲስ ስትገዙ ጎማው የሚሰካበትን አንገት ውፍረት ለኩ፤ የሰፋ ጎማ ወልቆ ጆሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ከቀረ በወረንጦ አትጎርጉሩት፤ ሐኪም ያውጣው።

በደንብ የገጠመን ኢርፎን በአንዴ መንጭቃችሁ አታውጡ። የታፈነው አየር ታምቡሩን አብሮ ይስባል። መጀመሪያ ትንሽ አዙሩት፤ አየር ሲገባ በቀላሉ ይወጣል።