«እማዬ፣ አንቺ ተቀመጪ»፦ ስለ ወገብ አርትራይተስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወገባቸውን ከሚያማቸው አረጋውያን ይልቅ የሚያደክሙኝ አብረዋቸው የሚመጡት ልጆች ናቸው። «እማዬ አርትራይተስ አለባት፣ ምንም እንዳትሠራ ብለናታል» ይሉኛል፤ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልጨርስ።

«ብርድ መቶኝ ነው።» ብርድ መገጣጠሚያ አይበላም። ትኩስ ፎጣ ካስታገሰዎት ግን ይጠቀሙበት።

«ሪህ ስለሆነ ሥጋ ትቻለሁ።» ሥጋ የሚቀነስለት ሪህ ሌላ ነው። ይሄኛው፣ አርትራይተሱ፣ የመገጣጠሚያው ልስልስ ሽፋን መሳሳት ነው።

«ዲስኬ አርጅቷል ተብያለሁ፣ አለቀልኝ።» ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ትንተና ጀርባቸውን ምንም የማያማቸውን ሰዎች አይቶ ነበር። በ80 ዓመታቸው 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ አላቸው። በሽበት ማን ታመመ?

አሁን ወደ ዋናው፦ «ይረፉ»። የአከርካሪ መገጣጠሚያ ሲያረጅ ሸክሙን የሚያግዘው ጡንቻ ነው። አንዱ ሆድን እንደ መቀነት ይጠመጥማል፣ ሌላው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይሄዳል። ተቀምጦ የሚውል ሰው ጡንቻው ይከሳል፤ በእርጅና ደግሞ ይብሳል። ያኔ ሸክሙ ተመልሶ የታመመው መገጣጠሚያ ላይ ይወድቃል።

አንዲት የ72 ዓመት እናት መጡ። እሳቸውን እጠይቃለሁ፣ ልጃቸው ትመልሳለች። ጀበና ማንሳት ከተከለከሉ አራት ወር ሆኗቸዋል። «እማማ፣ እስቲ ይነሱ» አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው፣ «በስመ አብ» ብለው ሞከሩ። አልሆነም። ልጅቷ ልትደግፋቸው ብድግ አለች።

«አንቺ ተቀመጪ» አልኳት።

ወንበሩን በትራስ ከፍ አደረግኩት። ሆድን ሰብሰብ አድርጎ፣ ትንፋሽ እያወጡ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። አምስት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ሲቀላቸው ትራሱ ይነሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። አያታችሁን መሬት አስተኝታችሁ ሲት አፕ (በጀርባ ከተኙበት ወገብን አጥፎ ቀና ማለት) የምታሠሩ የልጅ ልጆችም እባካችሁ ተዉ። አጥንታቸው የሳሳ ከሆነ ወገብን ደጋግሞ ማጠፍ ሊሰብረው ይችላል።

ልምምዱ ሲጀመር ትንሽ ቢቆረቁር አትደንግጡ። እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳት ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለም መመርመር ያስፈልጋል፤ የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጅቷ ደወለችልኝ። «እማዬ ረከቦቱን ራሷ ተሸክማ አመጣች፣ ምን ይሻላል?» ስሞታ መሆኑ ነው እንግዲህ።