ድምፁ ከክሩ ነው ያለው ማነው?

ደብረ ብርሃን ያሉት የእህቴ ልጆች ክረምቱን ብርዱን ሸሽተው ቤት ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ሲደበድቡ ከረሙ። ጣሳ፣ ድስት፣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ። እኛ አዋቂዎቹ ደግሞ መሃል እየገባን እናስረዳለን፣ ካስረዳነው አብዛኛው ስህተት ነው።

«ውሃ ሲጨመርበት ድምፁ ይወፍራል።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ግማሹ እውነት ነው። ጠርሙሱን በማንኪያ ከመታችሁት አዎ ይወፍራል፤ የሚርገበገበው ጠርሙሱ ነው፣ ውሃው ያከብደዋል። አፉ ላይ ከነፋችሁበት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሁን የሚርገበገበው ውስጥ ያለው አየር ስለሆነ ውሃው ሲበዛ አየሩ ያንስና ድምፁ ይቀጥናል። ልጆቹ አንዱ እየመታ ሌላው እየነፋ ሲጨቃጨቁ የዋሉት ሁለቱም ልክ ስለነበሩ ነው።

«የማሲንቆ ድምፅ የሚወጣው ከክሩ ነው።» ክር ቀጭን ነው፣ ብቻውን ብዙ አየር አያንቀሳቅስም። ላስቲክ በሁለት ጣት ወጥራችሁ ንኩት፣ እዚህ ግባ የሚባል ድምፅ የለውም። ያንኑ ላስቲክ ባዶ ጣሳ አፍ ላይ ወጥሩት፣ ያን ጊዜ ይናገራል። የማሲንቆው ቆዳም ሥራው ይኸው ነው። ለዚህ ነው እርጥበት ሲበዛ ቆዳው የሚላላውና ድምፁ የሚታፈነው፤ ከበሮ እሳት ዳር የሚሞቀውም ለዚሁ ነው።

«በአንድ ክር ምን ይዘፈናል?» ማሲንቆን ያላየ ሰው ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ ያ «አንድ ክር» የፈረስ ጭራ ጥቅል ነው። ጣት ያረፈበት ቦታ በተለወጠ ቁጥር ክሩ ያጥራል ወይም ይረዝማል፣ ድምፁም አብሮ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል። ልክ ግማሹ ላይ ብትይዙት ክሩ በእጥፍ ፈጥኖ ይርገበገባል፣ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። ብራዚሎችም ቤሪምባው የሚሉት ባለ አንድ ሽቦ መሣሪያ አላቸው። ደጋን ላይ ቅል ታስሮበት፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተፈለቀቀ ነው። ከቁራሌው ኬሻ ሙዚቃ ይወጣል ማለት ነው።

«በገናው ይነዝራል፣ ተበላሽቷል።» አንድ እንግዳችን እንዲህ ብሎ አስቆን ያውቃል። በገና እንዲነዝር ሆኖ ነው የተሠራው። 10ሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ናቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ እሱን እየነካ ሲርገበገብ ያ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ይወጣል። እንዚራውን ብታወጡት «ተስተካከለ» ሳይሆን ተበላሸ።

«የመብራት ሽቦ የሚያፏጨው ኤሌክትሪክ ስላለበት ነው።» መንዝ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ፉጨቱን ያውቀዋል። የሚያፏጨው ነፋስ ነው፤ ሽቦውን አልፎ ሲሄድ ከጀርባው እየተሽከረከረ። ኤሌክትሪክ የሌለበት የአጥር ሽቦም ያፏጫል። ትራንስፎርመሩ እምም የሚለው ግን እውነትም ከኤሌክትሪኩ ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል።

የመጨረሻው «ድንጋይ ድምፅ የለውም» የሚለው ነው። ታዲያ ድምፀ መረዋ የምንለው ከየት መጣ? መረዋ እኮ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን የሚንጠለጠለው የድንጋይ ደወል ነው። መሬት ላይ ተኝቶ ቢመቱት ድፍን ያለ ድምፅ ነው፣ አፈሩ ያፍነዋል። ሲንጠለጠል ይጮኻል። ይህን ለልጆቹ መንገሬ ነው ጥፋቴ፤ አሁን ግቢው ውስጥ ገመድ ያልታሰረበት ድንጋይ የለም።