የሕግ መጽሔት ተለማማጅ ምን ይሠራል? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ካሉ የሕግ ተማሪዎች ጋር ስለ መጽሔት ኢንተርንሺፕ ሲወራ የማይቀሩ አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹን ከፊልም የለቀሟቸው ይመስለኛል።

«የሚታተመውን ጽሑፍ ተማሪው ይመርጣል»

ይህ የአሜሪካኖቹ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው የሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ዛሬም የሚዘጋጀው በተማሪዎች ነው። እኛ ጋ አርታኢዎቹ መምህራን ናቸው፤ ረቂቁም የጸሐፊው ስም ተነሥቶለት ለገምጋሚዎች ይላካል። ተለማማጁ ረቂቁን ያያል እንጂ አይዳኝም። ያየውንም በቴሌግራም ለጓደኛ አይልክም።

«ፊደል መልቀም ነው፤ ሕግ አይማሩበትም»

የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። የተለማማጅ ጊዜ በብዛት የሚያልቀው የግርጌ ማስታወሻ ሲያጣራ ነው፤ ሕጉም ያለው እዚያው ነው። አንድ ጸሐፊ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች የመሬት ውርስ ጽፎ የአማራ ክልልን የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 ጠቀሰ እንበል። የክልሉን የሕግ ጋዜጣ፣ ዝክረ ሕግን የገለጠ ተለማማጅ ይህ አዋጅ በቁጥር 252/2009 መተካቱን ያገኛል። ታዲያ ውርሱ የተከፈተው፣ ማለትም አውራሹ የሞተው፣ በየትኛው አዋጅ ዘመን ነው? ጥያቄው ወደ ጸሐፊው ይመለሳል፤ አንዳንዴም መደምደሚያው ራሱ ይናጋል።

ጋብቻም ላይ ያው ነው። ብዙ ተማሪ እጁ የሚቀናው ወደ ፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ ወደ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የቢቸና ባልና ሚስት ሲፋቱ ግን የሚሠራው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ የዓመት ጣጣ አለ። 252/2009 ወደ 252/2017 ካልተቀየረ፣ የውጭ አንባቢ አዋጁ ከነበረበት ስምንት ዓመት ቀድሞ የወጣ ይመስለዋል። ስምም አለ፦ ጥቅስ የሚደረድረው ሶፍትዌር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ያስቀድማል፤ ሳይንቁ አንድ በአንድ ማቃናት ነው።

«እንግሊዝኛ የማያቀላጥፍ አይሞክረው»

እንግሊዝኛው ይጠቅማል፣ አልክድም። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ጸሐፊው በእንግሊዝኛው ብቻ ተመርቶ ሲከራከር፣ «አማርኛው እንዲህ አይልም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። በቅኔ አገር ያደገ ልጅ ለዚህ ባያንስ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ አማርኛውን ከነጭራሹ የማይገልጠው መብዛቱ ነው።

«ኤክስተርንሺፑን ይተካልኛል»

አይተካም። ኤክስተርንሺፕ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ያለ፣ ፍርድ ቤትና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ድረስ ወርደው የሚሠሩት ኮርስ ነው።

«እግረ መንገዴን ጽሑፌን ያወጡልኛል»

ጽሑፍ ካለህ እንደማንም ሰው አስገባ፤ ስምህ ተነሥቶ ይገመገማል። ለተለማማጅነትህ ቢበዛ የምስጋና ገጽ ላይ ትጠቀስ ይሆናል። የራስህን ረቂቅ ግን ከማጣራት እስከ አርትዖት ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ገምጋሚው ማን እንደሆነም አይነገርህም።