አልጋው ቀላሉ ሥራ ነው፦ ቤት ያጡ ቤተሰቦችን በጋራ ስለማገዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ምኩራቦች ቤት ያጣን ቤተሰብ መልሶ ኪራይ ቤት ለማስገባት አብረው መሥራት ከጀመሩ ቆይተዋል። በጣም የሚታወቀውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1986 ኒው ጀርሲ ውስጥ የጀመሩት ካረን ኦልሰን ናቸው፤ ያ ጅምር ዛሬ ፋሚሊ ፕሮሚስ ተብሎ ከ200 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። አዳራሽ ያለው አዳራሹን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን፣ ገንዘብ ያለው ገንዘቡን ያዋጣል። የእኛም አጥቢያዎች «ለምን አንገባበትም?» ብለው ሲመክሩ ስብሰባው ላይ የሚነሱት ግምቶች ይመሳሰላሉ። አንዳንዱ ግምት ጉዳት የለውም፤ አንዳንዱ ግን ቤተሰቡን ሊገባበት የነበረውን ቤት ያሳጣዋል።

«ቤት አልባ ማለት ጎዳና የሚያድር ነው»

ልጆች ያሉት ቤተሰብ ጎዳና ላይ እምብዛም አይታይም። ወላጆች «ልጆቻችንን ይወስዱብናል» ብለው ስለሚፈሩ ይደበቃሉ። የሚገኙት መኪና ውስጥ፣ በሳምንት በሚከፈልበት ሞቴል፣ አለዚያም ዘመድ ሳሎን ወለል ላይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት የመንግሥት ትርጉሞች ይጋጫሉ። የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት (ሃድ) በጥር መጨረሻ በአንድ ሌሊት በሚያስደርገው ቆጠራ በ2024 771,480 ሰው ተመዝግቧል፤ ከዚህ ውስጥ 260,000 ገደማው ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ነው። ዘመድ ቤት የተጠጋው ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። በ1987ቱ የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ የሚሠሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ኪራይ አቅቶት ሰው ቤት የተጠጋን ልጅ ቤት አልባ ብለው ይመዘግቡታል።

ስለዚህ አንዲት እናት ጠዋት መጠለያ ሄዳ «አያሟሉም» ተብላ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት ሄዳ «ያሟላሉ» ልትባል ትችላለች። ለዚህ ነው ስልክ የሚያነሳው በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ትናንት የት አደራችሁ?» የሚለውን የሆነው። ቀጥሎ የትምህርት ወረዳውን የቤት አልባ ተማሪዎች ተጠሪ ማግኘት ነው፤ እያንዳንዱ ወረዳ ይህን ሰው የመመደብ ግዴታ አለበት። ልጁ የክትባት ወረቀትና ትራንስክሪፕት ባይኖረውም ወዲያው ይመዘገባል። ለእሱ የሚበጀው እዚያው መማር ከሆነ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ይቆያል፣ መጓጓዣም ይሰጠዋል።

«አንድ ትልቅ ደብር ብቻውን ይበቃዋል»

የተለመደው ስሌት ይህ ነው፦ 13 ጉባኤዎች (የአምልኮ ቤቶች)፣ እያንዳንዳቸው ቤተሰቦችን በተራ በዓመት አራት ሳምንት ያሳድራሉ፤ 13 በ4 ሲባዛ 52። ቤተሰቦቹ እሑድ ይገባሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ተረኛው ይሄዳሉ። ቁጥራቸው ከሦስት እስከ አምስት ቤተሰብ፣ ቢበዛ 14 ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በር ያለው የራሱ ክፍል ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሰንበት ትምህርት ክፍሉ ለዚህ ይውላል። ተጣጣፊዎቹ አልጋዎች ከቤተሰቦቹ ጋር አብረው ይዞራሉ።

አሁን ሰዉን ቁጠሩት። ለአንድ ሌሊት ሁለት ራት አዘጋጅ፣ ሁለት አምሽቶ አስተናጋጅ፣ ሁለት አብሮ አዳሪ ቢመደብ፣ ለሰባት ሌሊት 42 ፈረቃ ይሆናል፤ አልጋ የሚዘረጋው፣ አንሶላ የሚያጥበውና መኪና የሚነዳው ገና አልተቆጠረም። አንድ ደብር ይህን ለሁለት ሳምንት በሙቀት ይሠራዋል፤ በሦስተኛው ወር ግን ዝርዝሩ ላይ የሚቀሩት ያው አምስት እናቶች ናቸው። ትንሽ ጉባኤ ከጎረቤቱ ጋር ይጣመራል፦ አንዱ አዳራሹን ይሰጣል፣ ሌላው ሰው ይልካል።

የሚበላሸው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። አንድ ጉባኤ ሲወጣ በዓመቱ ውስጥ አራት የተበታተኑ ባዶ ሳምንቶች ይፈጠራሉ። ታኅሣሥ 25 (በአውሮፓውያኑ) የሚውልበትን ሳምንት ብዙዎች አይፈልጉትም፤ ገናን ጃንዋሪ 7 የሚያከብር የኦርቶዶክስ ደብር ወይም መስጊድ ያን ሳምንት ቢወስድ ለሁሉም እፎይታ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚመጣ፣ ፋሲካና የአይሁድ ፓስኻም ስለሚንቀሳቀሱ፣ ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም።

ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ሁለት ደብዳቤ ያስፈልጋል፦ ክፍሉ ሰው ማሳደር እንደሚችል ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ፣ ሽፋኑ ይህን እንደሚጨምር ከኢንሹራንሱ። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ ብዙ ቅርንጫፎች ማዞሩን ትተው በአንድ ቋሚ ቤት ይሠራሉ፤ ተራው አሁን የራትና የምሽት ሆኗል። ቤተሰቦቹ ቀን የሚውሉበት ማዕከል ግን ድሮም ዘንድሮም የሥራው እምብርት ነው። ሻወር፣ ልብስ ማጠቢያና ኮምፒውተር አለው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የፖስታ አድራሻው ነው፤ የሥራ ማመልከቻም የድጎማ ደብዳቤም ያለ አድራሻ አይሄድም።

«መጨረሻው ስብከት ነው»

በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ የእምነት ተቋም ጸሎትንና ትምህርትን ከአገልግሎቱ በሰዓት ወይም በቦታ ለይቶ፣ በፈቃደኝነት ብቻ ማድረግ አለበት፤ ሰውንም በእምነቱ ምክንያት መመለስ አይችልም። የመንግሥት ገንዘብ ባይኖርም ያለዚህ ደንብ ካህኑ፣ ኢማሙና ረቢው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አይቀመጡም።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ ከክፋት አይመጣም። ራት ቀርቦ «እንጸልይ» ተብሎ ሁሉም ሲነሣ፣ የምታድርበት ክፍል በእነዚሁ ሰዎች እጅ ያለ እንግዳ «አልነሣም» ማለት አትችልም። ዘዴው ቀላል ነው፤ አስተናጋጆቹ ቀድመው ማዕድ ቤት ውስጥ ይጸልያሉ። የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። አሳማ የማይበላ፣ አለርጂ ያለበት፣ የተለየ ወተት የሚጠጣ ሕፃን ካለ ከቤተሰቡ ጋር የሚዞር ወረቀት ላይ ይጻፋል። ጾም ከሆነ አብሳዮቹ ይጹሙ፤ የአምስት ዓመቱ እንግዳ ወተቱን ያግኝ።

«ቢሠሩ ኖሮ ኪራይ አያቅታቸውም ነበር»

የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት፣ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ 15,080 ዶላር ይሆናል። ከገቢ 30 በመቶ ለቤት ይውላል በሚለው መለኪያ በወር 377 ዶላር ነው። ብዙ ግዛቶች የበለጠ ይከፍላሉና 15 ዶላር እንበለው፤ ግብር ሳይነካው በወር 2,600 ይሆናል። አከራዮች በተለምዶ ገቢው የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ለዚህች ሠራተኛ የሚፈቀደው ከፍተኛ ኪራይ 866 ዶላር ነው ማለት ነው። ከዚያ መኪናው ይበላሻል፣ ልጅ ይታመማል፣ የሥራ ሰዓት ይቀነሳል፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል።

አንዴ በፍርድ ቤት ከቤት የማስወጣት ክስ ከተመዘገበ በተከራይ ማጣሪያ ሪፖርት ላይ እስከ ሰባት ዓመት ሊታይ ይችላል። እያንዳንዱ ማመልከቻ 50 ዶላር ቢያስከፍልና ስድስት ቦታ ቢከለከሉ 300 ዶላር በከንቱ ሄደ። ስለዚህ ከመክፈል በፊት አከራዩን «የምትመዝኑት በምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሪፖርቱ ምክንያት የተከለከለ ሰው በ60 ቀን ውስጥ ቅጂውን በነጻ መጠየቅ ይችላል፤ የሌላ ሰው ስም ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታሸገ ክስ ተቀላቅሎ ከተገኘ ይታረማል።

«ሁሉም ትንሽ ትንሽ ከሰጠ ይሞላል»

በወረቀት ይሞላል። ኪራዩ 1,400 ነው እንበል፦ የመጀመሪያ ወር 1,400፣ ዲፖዚት 1,400፣ በድምሩ 2,800 ዶላር። ስድስት ጉባኤዎች እያንዳንዳቸው 500 ቃል ገቡ፤ 3,000፣ እንዲያውም ተረፈ። አከራዩ ግን «እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በባንክ የተረጋገጠ ቼክ» ብሏል። የአንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚሰበሰበው በወሩ ሁለተኛ እሑድ ነው። የሁለተኛው ገንዘብ ያዥ መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ቼኩን በእናትየዋ ስም ጽፎታል። አራተኛው የአከራዩ የግብር ቅጽ ካልመጣ አልከፍልም ይላል። ሰኞ ጠዋት ቤቱ ለሌላ ተከራይቷል። በዚህ ሥራ ከሚያስቆጩ ነገሮች አንደኛው ይህ ይመስለናል፤ ገንዘቡ እያለ ነውና።

መድኃኒቱ አስቀድሞ የተሞላ አንድ የጋራ ካዝና ነው። የሚይዘው አንድ ድርጅት፣ የሚፈርሙት ሁለት ሰዎች፣ ያለ ስብሰባ ሊከፈል የሚችለው ጣሪያ (ለምሳሌ 3,000 ዶላር) ከወዲሁ የተወሰነ፣ መልሱም በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ። ፋይሉ ውስጥ አራት ነገር ይግባ፦ ውሉ ወይም የአከራዩ የስምምነት ደብዳቤ፣ የተከራዩ መታወቂያ፣ ደብሊው-9 የሚባለው የአከራዩ የግብር ቅጽ፣ ቤቱ የእሱ መሆኑን የሚያሳይ የካውንቲ መዝገብ። የመጨረሻውን አትዝለሉ፤ የራሱ ያልሆነን ቤት አስተዋውቆ ዲፖዚት ተቀብሎ የሚጠፋ አጭበርባሪ አለ። ቼኩ ሁልጊዜ በአከራዩ ስም ይጻፋል። ቤተሰቡ ሲለቅ ዲፖዚቱ ለማን እንደሚመለስም ያኔውኑ በጽሑፍ ይወሰን። የድሮ የመብራት ዕዳንም ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል፤ ቁልፍ ተይዞ የመብራት ድርጅቱ በስማቸው ቆጣሪ አልከፍትም ሲል ይገጥማል።

«ሴክሽን 8 ይወጣላቸዋል»

ሴክሽን 8 የፌዴራል መንግሥቱ የኪራይ ድጎማ ቫውቸር ነው፤ በቫውቸሩ ተከራይ ከገቢው 30 በመቶ ገደማ ይከፍላል፣ ቀሪውን የቤቶች ባለሥልጣን ይሸፍናል። ሆኖም የኪራይ ድጎማ ማግኘት ከሚገባቸው አባወራዎች የሚያገኙት ከአራት አንዱ ገደማ ናቸው። ሲደርስም ሩጫው ገና ይጀምራል፤ ቤት መፈለጊያው የመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው፣ ማራዘሚያ የሚጠየቀው ከማለቁ በፊት ነው፣ ቤቱም ፍተሻ ማለፍ አለበት። መኪና ያለውና ስልክ መደወል የማይሰለቸው ምዕመን እዚህ ላይ ከማንም ይበልጣል።

«አባትና ጎረምሳ ልጅ ለብቻ ይደሩ»

በሃድ ገንዘብ የሚሠራ የቤተሰብ መጠለያ ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ በዕድሜው ምክንያት ከቤተሰቡ ሊለየው አይችልም። የ16 ዓመት ወንድ ልጅም ልጅ ነው። የደኅንነት ሥጋቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን የበጎ ፈቃደኞች የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ፣ ማንም አዋቂ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን የሚያደርግ ደንብ፣ በር ያለው ክፍል ነው። የእንግዶች ፎቶ በጉባኤው ፌስቡክ ላይ አይወጣም፤ ከሚደበድባት ባል የሸሸች ልትኖር ትችላለች።

«ያገለገለ ዕቃ እንሰብስብ»

ቁልፍ ከመያዙ በፊት አይሆንም፤ ማስቀመጫ የለም። ያገለገለ ፍራሽ ትኋን ይዞ ይገባል፣ አደጋ ደርሶበት ይሁን የማይታወቅ የልጅ መኪና መቀመጫም አይሰጥም። ቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ራሱ ይዘርዝር፤ ዳይፐር ከሆነ ከነቁጥሩ።

«ቁልፍ ተረከቡ፣ አበቃ»

ሃድ በ12 አካባቢዎች 2,282 ቤተሰቦችን መዝግቦ ባስጠናው ጥናት፣ የረጅም ጊዜ የኪራይ ድጎማ ያገኙት በ20ኛው ወር ወደ መጠለያ የመመለሳቸው ወይም ሰው ቤት የመጠጋታቸው ነገር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ለጥቂት ወራት ብቻ የተረዱት ግን ከተለመደው አገልግሎት ካገኙት ብዙም አልተለዩም። የጉባኤዎች እርዳታ ደግሞ በባሕርይው አጭር ነው፤ ይህን አውቆ መግባት ይሻላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ በየድጎማው ወረፋ ላይ ይመዝገብ፤ አድራሻ በተለወጠ ቁጥር ለየወረፋው ይነገር፤ ደብዳቤ አሮጌ አድራሻ ሄዶ ስም ሲሰረዝ የተለመደ ነው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ስልክ ይደወል። የውሉ ዘመን ሊያበቃ 60 ቀን ሲቀረው ደግሞ «የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ መጥቷል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። በትምህርት ዘመን መካከል ቤት ያገኘ ልጅ ዓመቱን በያዘው ትምህርት ቤት መጨረስ ይችላል፤ ቶሎ ማዘዋወር አያስፈልግም። አከራዩም ኪራይ ሲዘገይ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት የሚደውልበት ቁጥር ይኑረው። ያ ቁጥር የአስተዳዳሪው ቢሆን የተከበረ ይመስላል፤ ግን ቅዳሴ ላይ ሆነው አያነሱትም፤ ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ስልኩን የሚያነሳ ሰው ቁጥር ይሰጠው።