የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዓለም አቀፍ ውል ፈረሙ ማለት አሜሪካ ውሉ ውስጥ ገባች ማለት ነው?

አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ዓለም አቀፍ ውል እንዲጸድቅ ድምፅ ከሚሰጡት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ፓሪስ ድረስ ሄደው የመንግሥታቱን ማኅበር ያቋቋመውን የቬርሳይ ውል ፈረሙ። አገር ቤት ግን ሴናተር ሄንሪ ካቦት ሎጅ ጠበቋቸው። ማኅበሩ አሜሪካን ጦርነት ውስጥ እንዳያስገባት፣ ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ (የአሜሪካ ምክር ቤት) ነው፣ ይህ በግልጽ ይጻፍ አሉ። ዊልሰንም ግትር ነበሩ፤ የሎጅን ማሻሻያ አልቀበልም ብለው ድርቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 በተሰጠው የመጨረሻ ድምፅ 49 ደገፉ፣ 35 ተቃወሙ። አብላጫ ነው፤ ግን አልበቃም። አሜሪካ ከማኅበሩ ውጭ ቀረች።

ስለዚህ ብዙ ፕሬዚዳንቶች ሴኔቱን የማይጠይቅ ስምምነት ይመርጣሉ። ጣጣው፣ አንዱ የፈረመውን ተተኪው በቀላሉ ይተወዋል። በፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ኦባማ ገቡ፣ ትራምፕ ወጡ፣ ባይደን ተመለሱ፣ ትራምፕ እንደገና ወጡ።