ተስማሚ ተጣባቂ ጫፎች ምንድን ናቸው?

ዲኤንኤ የሚቆርጥ መቀስ አለ፤ ሬስትሪክሽን ኢንዛይም ይባላል። የሰው ፈጠራ አይደለም። ባክቴሪያዎች ቫይረስ ሲወርራቸው የወራሪውን ዲኤንኤ የሚከትፉበት መሣሪያ ነው። የራሳቸውን ዲኤንኤ ግን ሜቲል የሚባል ምልክት ይለጥፉበታል፤ መቀሱም አይነካውም። ቨርነር አርበር፣ ዳንኤል ናታንስና ሃሚልተን ስሚዝ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1978 ኖቤል ተሸልመዋል።

ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ በሚባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ባለ ሁለት ክር ሰንሰለት ነው። እያንዳንዱ ኢንዛይም የሚፈልገው የራሱ የፊደል ተርታ አለው። ባም ኤች ዋን የሚፈልገው «ጂጂኤቲሲሲ»ን ነው። ሲያገኘው ሁለቱን ጂዎች መሃል ለመሃል ይበጥሳቸዋል። በማዶው ክርም ላይ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለቱ ክሮች የሚቆረጡት ግን ትይዩ ቦታ ላይ ስላልሆነ በየጫፉ ባለ አራት ፊደል ነጠላ ጅራት ይንጠለጠላል፦ «ጂኤቲሲ»። ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ይጣመራሉና፣ ይህ ጅራት አቻውን ሲያገኝ ልክክ ይላል። ተጣባቂ ጫፍ የሚባለው ይሄ ነው።

አሁን ቢጂኤል ቱ የሚባለውን እንይ። የሚቆርጠው «ኤጂኤቲሲቲ»ን ነው። ኢንዛይሙም ሌላ፣ ተርታውም ሌላ። የሚተወው ጅራት ግን ያው «ጂኤቲሲ» ነው! ስለዚህ አንዱ የቆረጠው ሌላው ከቆረጠው ጋር ይገጥማል። ተስማሚ ጫፎች ማለት ይሄ ነው።

እኔ ይሄን ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ ስንቱን ሥራ ከመበላሸት ያድናል መሰላችሁ። ጂን የሚጫንበት ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ፕላስሚድ ይባላል፤ እሱ የሚከፈተው በባም ኤች ዋን ነው እንበል። የምታስገቡት ጂን ደግሞ መሃሉ ላይ «ጂጂኤቲሲሲ» አለው። በዚያው ኢንዛይም ከቆረጣችሁት ጂኑ ለሁለት ይሄዳል። መፍትሔው የጂኑን ጫፎች በቢጂኤል ቱ መቁረጥ ነው። ከዚያ ሁለቱን ከሊጌዝ ጋር ቀላቅሎ በ16 ዲግሪ ማሳደር። ሊጌዝ መገጣጠሚያውን የሚሰፋው ኢንዛይም ነው። ቀዝቀዝ የሚደረገው አራት ፊደል ብቻውን አጥብቆ ስለማይዝ ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ይለያያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መገጣጠሚያው «ጂጂኤቲሲቲ» ሆኖ ይቀራል፤ ባም ኤች ዋንም ቢጂኤል ቱም አያውቁትም። ጂኑን በነሱ መልሶ ማውጣት አይቻልም። «ጂኤቲሲ» ብቻ የሚበቃው ሳው ስሪ ኤ ዋን ግን ይቆርጠዋል። ደግሞም ሁለቱም የጂኑ ጫፎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ጂኑ ተገልብጦ ሊገባ ይችላል፤ የገባበትን አቅጣጫ ሳታረጋግጡ ወደሚቀጥለው ሥራ አትለፉ።